ከፕሮቤት በፊት የውርስ ግብር መክፈል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ማስታወሻ በእንግሊዝና በዌልስ የዘመዳቸውን ውርስ የማጣራት ኃላፊነት ለወደቀባቸው ወገኖች ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሥርዓት አላት። ፕሮቤት የሚባለው የሟቹን ንብረት ለመረከብና ለማከፋፈል የሚሰጥ ሕጋዊ ፈቃድ ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱ በበቂ ቅጂ እንደወጣ፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩ እንደተረጋገጠ፣ ውርሱም ግብር የሚጠየቅበት መሆኑ እንደታወቀ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ እገባለሁ።

ችግር፦ ባንኩ «ፕሮቤት አምጡ» ይላል፤ ፕሮቤት ደግሞ ግብር ሳይከፈል አይሰጥም

ከሁሉ በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው። ሟቹ በስማቸው ብቻ በያዙት ሂሳብ ውስጥ ገንዘብ አለ፤ ባንኩ መሞታቸውን እንደሰማ ሂሳቡን ያግዳል፤ የፕሮቤት መዝገብ ቤቱ ከግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ከኤችኤምአርሲ፣ ማረጋገጫ ይጠብቃል፤ ኤችኤምአርሲ ደግሞ በዚያን ጊዜ መከፈል ያለበት ግብር እስኪገባለት ማረጋገጫውን አይልክም። ቤተሰቡ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ፣ ወለዱም መቁጠር ይጀምራል።

መንስኤው የገንዘብ እጦት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ሁለት ነገር ሳይነገረው ቀርቶ ነው። አንደኛው፣ ባንኩ ከሟቹ ሂሳብ በቀጥታ ለኤችኤምአርሲ የሚከፍልበት «ዳይሬክት ፔይመንት ስኪም» የሚባል አሠራር መኖሩ ነው፤ ገንዘቡ በወራሾች እጅ ስለማያልፍ ፕሮቤት አይጠየቅበትም። ሁለተኛው፣ በቤትና በመሬት ላይ የሚያርፈው የግብር ድርሻ በ10 እኩል ዓመታዊ ክፍያ ተከፋፍሎ ሊከፈል መቻሉ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አግብተው የማያውቁ አባት 600,000 ፓውንድ የሚያወጣ መኖሪያ ቤትና በባንክ 40,000 ፓውንድ ለልጆቻቸው ትተው ሞቱ እንበል፤ ዕዳና የቀብር ወጪን ለጊዜው እንተወው። ከግብር ነፃ የሆነው 325,000 እና መኖሪያ ቤት ለልጆች ሲተላለፍ የሚታከለው 175,000 ሲቀነሱ 140,000 ይቀራል፤ የዚህ 40 በመቶ 56,000 ፓውንድ ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ቤተሰብ በባንክ ያለው ስለማይበቃው ወደ ብድር ይሮጣል። ሆኖም ከ56,000ው ውስጥ 52,500 የቤቱ ድርሻ ሲሆን 3,500 ብቻ የባንኩ ገንዘብ ድርሻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈለገው 3,500 እና የቤቱ የመጀመሪያ ዓመታዊ ክፍያ 5,250፣ በድምሩ 8,750 ፓውንድ ነው፤ እሱም በታገደው ሂሳብ ውስጥ ተቀምጧል። የአባቱ ገንዘብ በባንክ ተኝቶ ሳለ እቁብ ቀድሞ እንዲወጣለት የለመነና ከጓደኞቹ የተበደረ ልጅ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ አንድ ቅጽ ባለመሞላቱ የመጣ ጭንቀት ነው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። በቅድሚያ የውርስ ግብር መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ በኢንተርኔት ወይም አይኤችቲ 422 በተባለው ቅጽ በፖስታ ይቻላል። ከመክፈያው ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ያለዚህ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ሁሉ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ባንክ አንድ አንድ አይኤችቲ 423 ተሞልቶ ለባንኩ ይላካል፤ ዋናው የሂሳብ መግለጫ አይኤችቲ 400 ደግሞ ከነአባሪዎቹ በተመሳሳይ ጊዜ ለኤችኤምአርሲ ይሄዳል። እባክዎ ይህን ልብ ይበሉ፦ 423 ወደ ባንክ፣ 400 ወደ ግብር መሥሪያ ቤት። ሁለቱን በአንድ ፖስታ አሽገው ለኤችኤምአርሲ የላኩ እህትማማቾች ባንኩ ዝም ያላቸው መስሏቸው ወራት ጠብቀዋል፤ ባንኩ ግን ቅጹን ከነአካቴው አላየውም ነበር።

በመስኮት ያለው የቅርንጫፍ ሠራተኛ አሠራሩን ላያውቀው ይችላል። «ያለ ፕሮቤት አንድ ፔኒ አናንቀሳቅስም» ብሎ የመለሳቸውን ቤተሰቦች፣ የሟች ደንበኞችን ጉዳይ የሚይዘው የዚያው ባንክ ክፍል የአሠራሩ ስም ሲጠራለት ያለ ክርክር አስተናግዷቸዋል። በሐዘን ላይ ያለን ሰው በማያውቁት ጉዳይ አፍ ሞልቶ መመለስ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቅርንጫፍ ሄደው አይከራከሩ፤ ወደዚያ ክፍል ደውለው ማንነትዎን ለማረጋገጥ ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፣ ያነጋገሩትንም ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ። አሠራሩ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቅጹን ከመላክዎ በፊት ባንኩ መቀበሉን ያረጋግጡ።

ክፍያው ገብቶ ኤችኤምአርሲ ልዩ ኮድ ያለበት ደብዳቤ እስኪልክልዎ ድረስ የፕሮቤት ማመልከቻዎን አያስገቡ። ተጣድፎ ማስገባት ማመልከቻውን ያስቆመዋል እንጂ አያፈጥነውም።

ችግር፦ ባንኩ ቅጹን «ስሙ አይመሳሰልም» ብሎ መለሰ

ይህ በእኛ ሰዎች ላይ የሚበረታ ነው። ፓስፖርቱ የአያት ስም ጨምሮ በሦስት ስም ተጽፏል፤ ባንኩ የሚያውቀው በሁለት ነው፤ የቤቱ ምዝገባ ደግሞ «ተስፋዬ»ን በሌላ የእንግሊዝኛ ፊደል አስፍሮታል። በአይኤችቲ 423 ላይ የሚጻፈው ስም በባንኩ ስቴትመንት ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። በፕሮቤት ማመልከቻው ላይ ደግሞ ሟቹ ንብረት የያዙበትን ሌላ ስም ሁሉ ያስመዝግቡ፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ በቅጹ ላይ አለ። ስሞቹን የሚያገናኝ ሰነድ፣ ለምሳሌ የዜግነት ምስክር ወረቀት ወይም የቆየ ፓስፖርት፣ ከመጣል ይጠብቁ። የሟችን ወረቀት በለቅሶው ሰሞን «ቤት እናጽዳ» ብሎ የሚጥል ዘመድ ጉዳቱ ትልቅ ነው።

ችግር፦ ለቀብሩ የሚሆን ገንዘብም ታገደ

ባንኮች ብዙውን ጊዜ የቀብር ድርጅቱ የክፍያ መጠየቂያ ሲቀርብላቸው ከሟቹ ሂሳብ በቀጥታ ይከፍላሉ። በሟቹ ካርድና የሚስጥር ቁጥር ከማሽን ገንዘብ አታውጡ። ለቀብር ቢሆንም አታውጡ። «አባቴ ራሱ ቁጥሩን ሰጥቶኛል» ማለት አያድንም፤ ሥልጣኑ ከሞቱ ጋር አብቅቷልና ድርጊቱ በማጭበርበር ሊያስጠይቅ ይችላል፣ በወንድማማቾች መካከልም የማይሽር ቂም ይተዋል።

ችግር፦ ወለድ ተጨመረ

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቀን መሳሳት ነው። ግብሩ የሚከፈለው ሞቱ ከደረሰበት ወር በኋላ ያለው ስድስተኛ ወር እስኪያልቅ ነው፤ ለምሳሌ በፈረንጆች ማርች 10 ቀን 2025 ለሞተ ሰው የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 30 ነው። አይኤችቲ 400ን ለማስገባት የተሰጠው 12 ወር ስለሆነ ብዙዎች ክፍያውም እስከዚያ የሚቆይ ይመስላቸዋል፤ አይቆይም። ቅጹ ባይጠናቀቅም መለያ ቁጥሩን ይዞ በግምት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ ትርፍ ከተከፈለ ይመለሳል።

ችግር፦ አዲስ አበባ ያለው ቤት ተረሳ

ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ወዲህ ለሚደርስ ሞት፣ ከሞቱ በፊት ከነበሩት 20 የግብር ዓመታት ቢያንስ 10ሩን በብሪታንያ የኖረ ሰው በውጭ አገር ያለው ንብረት ጭምር በብሪታንያ የውርስ ግብር ይታሰባል። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም በአባሪው አይኤችቲ 417 ላይ ይገባል፤ በብር የተገመተው ዋጋም ሞቱ በደረሰበት ቀን ባለው ምንዛሪ ወደ ፓውንድ ይለወጣል። የብር ምንዛሪ ከጁላይ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ቅጹን በሚሞሉበት ቀን ምንዛሪ ማስላት ትልቅ ስህተት ያመጣል። «ማን ያውቃል» ብሎ መደበቅ ቅጣት አለው፤ የሚጠየቀውም የፈረመው አጣሪ ነው።

ችግር፦ በእርግጥም ገንዘብ የለም

ሀብቱ ሁሉ ቤት ብቻ ከሆነና የመጀመሪያው ዓመታዊ ክፍያም ካልተገኘ፣ ኤችኤምአርሲ ግብሩ በኋላ እንዲከፈል ተስማምቶ ፕሮቤት እንዲወጣ እንዲፈቅድ ማመልከት ይቻላል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ በቅድሚያ ከባንክ ብድር ሞክሮ መከልከልን ማሳየት አያስፈልግም፤ ስለዚህ በከፍተኛ ወለድ የሚያበድሩ ደላሎችን «ግዴታ ነው» ሲሉ አትስሟቸው።

ዓመታዊ ክፍያን የመረጡ ደግሞ በቀሪው የቤቱ ግብር ላይ ወለድ እንደሚታሰብ፣ ቤቱ ከተሸጠም ያልተከፈለው ግብር ከነወለዱ ወዲያውኑ እንደሚጠየቅ አውቀው፣ ከሽያጩ ገንዘብ ለወራሾች ከመከፋፈላቸው በፊት ይህን ቀንሰው ያስቀምጡ።