«ማይ ፌር ሌዲ»፦ ከሸክላው እስከ ፊልሙ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሙዚቃዊ ቴአትር ልማር ብለው የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በ«ማይ ፌር ሌዲ» ነው፤ የንግግር ሊቁ ሂጊንስ አበባ ሻጯን ኤላይዛን እንደ ወይዘሮ እንድትናገር የሚያስተምርበት ሙዚቃዊ ቴአትር፣ በኋላም ፊልም። ምርጫቸውን አልጠላውም፤ የአለን ጄይ ለርነር ግጥምና የፍሬደሪክ ሎ ዜማ ጀማሪን አያሳፍርም። የሚያናድደኝ ሁለት ዘፈን እንኳ በወጉ ሳይሰሙ ይዘውት የሚመጡት ፍርድ ነው። ፊልሙን በሸክላው ይወቅሱታል፤ ሸክላውን ደግሞ የመድረኩ ግልባጭ ያደርጉታል። ሦስቱም ለየብቻቸው የተሠሩ ሥራዎች ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሸክላው ቴአትር ቤት ውስጥ የተቀዳ መስሏችሁ አትከራከሩ

ትርኢቱ ኒውዮርክ፣ ማርክ ሄሊንገር ቴአትር ውስጥ የተከፈተው ማርች 15 ቀን 1956 ነው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ በዕለተ እሑድ፣ ተዋንያኑና ኦርኬስትራው የሸክላ ኩባንያው ኮሎምቢያ 30ኛው ጎዳና ላይ ወደነበረው ስቱዲዮ ገብተው ዘፈኖቹን ቀዱ። ስቱዲዮው ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድምፅ የሚተነፍስበት ክፍል። ፕሮዲዩሰሩ ጎዳርድ ሊበርሰን ሥራውን ያሰናዳው ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ነው፤ ሸክላ የሚይዘው ደቂቃ ውሱን ስለሆነ አብዛኛው ንግግር ቀርቷል። የቴአትሩን ወጪ የሸፈነው የኮሎምቢያ ባለቤት ሲቢኤስ መሆኑንም አትርሱ። ሸክላው ከትርኢቱ በኋላ የታሰበ ማስታወሻ ሳይሆን ከመነሻው የንግዱ አካል ነበር፤ በአሜሪካም ለዓመታት ከገበያ አልወረደም።

ሁለቱን ሸክላዎች አታምታቱ

ሻጩ «ኦሪጂናል ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ግን የየትኛው ከተማ? የኒውዮርኩ የ1956 ቅጂ ሞኖ ነው። ትርኢቱ በ1958 ለንደን፣ ድሩሪ ሌን ከተከፈተ በኋላ በ1959 መጀመሪያ እንደገና በስቴሪዮ ተቀዳ። ሬክስ ሃሪሰን (ሂጊንስ)፣ ጁሊ አንድሩስ (ኤላይዛ)፣ ስታንሊ ሆሎዌይና ሮበርት ኩት በሁለቱም ላይ ስላሉ ስማቸውን አይቶ መለየት አይቻልም። ኤላይዛን የሚያፈቅረውን ወጣት፣ ፍሬዲን፣ ማን እንደሚጫወተው ተመልከቱ፤ ጆን ማይክል ኪንግ ከሆነ የኒውዮርኩ ነው፣ ሌናርድ ዌር ከሆነ የለንደኑ።

የትኛው ይሻላል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ያለማመንታት የ1956ቱ። አንድሩስ ያኔ ገና 20 ዓመቷ ነው። «አይ ኩድ ሃቭ ዳንስድ ኦል ናይት»ን ስትዘፍን ደስታው ከእሷ ቀድሞ የሚሮጥ ይመስላል። በለንደኑ ቅጂ ሚናውን ሦስት ዓመት ገደማ ኖራበታለች፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ያ መንሰፍሰፍ ግን የለም። ስቴሪዮ ስለሆነ ብቻ የለንደኑን የሚመርጥ ሰው ጆሮውን ሳይሆን መሣሪያውን ነው የሚያዳምጠው።

«ኦድሪ ሄፕበርን አልዘፈነችም፤ አታለለችን»

በ1964ቱ ፊልም ኤላይዛን የተጫወተችው ሄፕበርን ናት፤ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። በአንድ የፊልም ምሽት ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ በየዘፈኑ «ፕሌይባክ ነው! ፕሌይባክ ነው!» እያለ ሙሉውን የመጀመሪያ ክፍል አበላሽቶብን ነበር። ወንጀል የደረሰበት ይመስል ነበር እኮ! በዘመኑ የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም ልማዱ እንደዚያ ነው፦ ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል፣ ካሜራው ፊት ተዋናዩ አፉን ያስገጥማል። የሌላ ሰው ድምፅ መዋስም አዲስ ነገር አልነበረም። ለሄፕበርን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን ከዚያ በፊት ለዴቦራ ከርና ለናታሊ ዉድም ዘፍናለች። ደግሞስ ሄፕበርንን የሚያብጠለጥል ሰው ፍሬዲን ለምን ዝም ይለዋል? ጄረሚ ብሬት በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያንጎራጉረው በቢል ሸርሊ ድምፅ ነው። በእሱ የተቆጣ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሄፕበርን ሰነፍ አልነበረችም። ተለማምዳ ዘፈኖቹን ቀድታለች፤ የሻሩት የስቱዲዮው ሰዎች ናቸው። የሷ ቅጂዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ወጥተዋል፤ ፈልጋችሁ «ውድንት ኢት ቢ ላቨርሊ»ን በራሷ ድምፅ ስሙት። ድምፁ ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል። ይሁን! ብርድ ላይ የቆመች አበባ ሻጭ እኮ ናት። የኒክሰን ድምፅ ንጹሕ ነው፤ ለእኔ ግን ኤላይዛ ገና ጉድፍ ላይ እያለች ከሚገባት በላይ የጸዳ ነው።

ከዚያ «ጀስት ዩ ዌይት»ን ከፊልሙ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ኤላይዛ ሂጊንስ ላይ ጥርሷን ነክሳ የምትዝትበት፣ ሻካራው ክፍል የሄፕበርን የራሷ ድምፅ ነው። ዛቻው ወደ ሕልም ሲለወጥና ንጉሡ ሲመጣላት ዜማው ይለሰልሳል፤ እዚያ ላይ ኒክሰን ትገባለች። ቁጣው ሲመለስ ሄፕበርንም ትመለሳለች። ስፌቱን አንዴ ከሰማችሁት ሁልጊዜ ትሰሙታላችሁ፤ ግን ፊቷን እያያችሁ ስሙት፤ ሁለቱን ድምፆች አንድ ሰው ያደረጋቸው ያ ፊት ነው። ይህን «ማታለል» የሚል ሰው ሙያው አልገባውም።

ሃሪሰን ደግሞ ጭራሽ ፕሌይባክ አልፈልግም አለ። ዘፈኑን አንድ ቀን ባለው መንገድ በማግሥቱ ስለማይደግመው አፍ ማስገጠሙ አይሆንልኝም ብሎ አሻፈረኝ በማለቱ፣ የጆርጅ ግሮቭስ የድምፅ ክፍል ከረባቱ ውስጥ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ደብቆ ካሜራው ፊት በቀጥታ ቀዳው። ፊልሙ ከወሰዳቸው ስምንት ኦስካሮች አንዱ የድምፅ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሲዘፍን ታያላችሁ፦ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላዋ ቀድሞ በተቀዳ የሰው ድምፅ። ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት እንዲህ ያለውን ሥራ ማገጣጠም ምን እንደሚመስል አስቡት።

ሃሪሰንን ስትኮርጁ ዝም ብላችሁ አታውሩ

«ሃሪሰን አይዘፍንም፣ ያወራል» ይባላል። ልጆቹ ይህን ሰምተው ሂጊንስን ሲሞክሩ ምቱን ጥለው ልክ ሬዲዮ ላይ ዜና እንደሚያነብ ሰው ይሆናሉ። ፒያኒስቱ አንድ ቦታ፣ ልጁ ሌላ ቦታ። አንድ ጎበዝ ተማሪ «አይቭ ግሮውን አኩስተምድ ቱ ሀር ፌስ»ን እንዲህ ሲያደርገው ፒያኒስቱ መሐል ላይ እጁን አንሥቶ «ስትጨርስ ጥራኝ» አለው። ሃሪሰን ምቱን አይለቅም። ቃሉን ከምቱ ትንሽ ቀደም ወይም ትንሽ ዘግየት ያደርገዋል እንጂ ሐረጉ የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃል፤ አንዳንዷን ቃል ደግሞ ሳይታሰብ በእውነተኛው ኖታ ላይ ያስቀምጣታል። ጥሩ ፎካሪን አስቡ፦ አይዘፍንም፤ ግን ትንፋሹ የሚያልቅበትን ከአዝማሪው እኩል ያውቀዋል። መጀመሪያ ዜማውን በሙሉ ዘፍናችሁ ቻሉት። ማውራቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የኦስካሩን ታሪክ አታጣሙት

የፊልም ስቱዲዮው አለቃ ጃክ ዋርነር ለፊልም መብቱ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበርና በሲኒማ ያልታየችውን አንድሩስን ትቶ ሄፕበርንን መረጠ። እስከዚህ ልክ ነው። «ከዚያ ሄፕበርን በአንድሩስ ተሸነፈች» የሚለው ግን ስህተት ነው፤ ሄፕበርን ለሽልማቱ አልታጨችም። አንድሩስ ያሸነፈችው በ«ሜሪ ፖፒንስ» ነው። በዚያው ምሽት ለሃሪሰን ሐውልቱን ያስረከበችው ራሷ ሄፕበርን ናት።

የተቆራረጠ ቅጂ አትዩ

በ1964 ለእይታ የበቃው ፊልም የተቀረፀው በሰፊው፣ በ65 ሚሊሜትር ነው። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት አንዳንድ ቅጂዎች ግራና ቀኙ የተቀነጨበ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አዘጋጁ ከምስሉ በላይና በታች ያለውን «ጥቁሩ መስመር ያስጠላል» ብሎ ምስሉን ጎትቶ ስክሪኑን ሲሞላው አይቻለሁ። የአስኮቱ የፈረስ እሽቅድምድም ትዕይንት በዚያ ሞተ። የአልባሳቱ ንድፍ ባለሙያ ሴሲል ቢተን እነዚያን ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ የለበሱ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር በሰልፍ የደረደራቸው መኳንንቱ እንደ ቤት ዕቃ ደርቀው እንዲታዩ ነው። ዳሩ ሲቆረጥ ሰልፉ ይጠፋል፣ ሰልፉ ሲጠፋ ቀልዱ የለም። በ1994 ሮበርት ሃሪስና ጄምስ ካትዝ ያደሱት፣ ከዚያም ለ50ኛ ዓመቱ እንደገና የታደሰው ቅጂ አለ፤ እሱን ፈልጉ። ርዝመቱ 170 ደቂቃ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለውን ዕረፍት አትዝለሉት። ኤላይዛና ሂጊንስ ወደ ትልቁ ግብዣ ከመሄዳቸው ጋር ተያይዞ የመጣ ነው፤ ጉጉቱ እንዲበስል።

ለንደን መስሏችሁም የፊልሙን መንገዶች አትፈልጓቸው፤ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ውስጥ የተሠራ ስቱዲዮ ነው።

ስለ መጨረሻው ስትጣሉ ማንን እንደምትወቅሱ እወቁ

ሂጊንስ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ነጠላ ጫማውን ይጠይቃል፤ ኤላይዛ ተመልሳለች። «ለርነር የበርናርድ ሾን ተውኔት አበላሸው» ትላላችሁ፤ «ማይ ፌር ሌዲ» የተሠራው ከሾ «ፒግማልዮን» ነውና። ሾ ኤላይዛ ለሂጊንስ እንድትሆን እንዳልፈለገና ፍሬዲን እንደምታገባ ከተውኔቱ ቀጥሎ ባሰፈረው ጽሑፍ ማስረዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ነጠላ ጫማው የመጣው በ1938 ከዚያው ተውኔት ከተሠራው ዘፈን አልባ ፊልም ነው፤ ኤላይዛ የምትለማመድበት የስፔኑ ዝናብ ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ፣ ግብዣውም እንዲሁ። ሾ ራሱ በዚያ ፊልም የስክሪፕት ኦስካር ወስዷል። ለርነር ተውኔቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ይዞ ነው የሠራው። ሁለቱን ሳያዩ ስለ ታማኝነት ከሚከራከሩ ሰዎች ጋር ቡና አልጠጣም። በ2018 ኒውዮርክ፣ ሊንከን ሴንተር ውስጥ ባርትሌት ሸር ሲያዘጋጀው ኤላይዛ ሂጊንስን ትታ በተመልካቹ መሐል አልፋ ወጥታ ሄዳለች። ይህን የምትወዱ ከሆነ ውደዱት፤ የ1964ቱን ፊልም ግን በ2018 አታስፈርዱበት።