ጀርመን ሼፐርድን በኃላፊነት ማራባት፦ ከመዳቀል እስከ ወሊድ

ጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር የሚተላለፍበት የውሻ ዝርያ ስለሆነ፣ ሴቷም ወንዱም 2 ዓመት ሳይሞላቸው፣ የዳሌና የክርን ራጃቸውንም የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ማዳቀል ተገቢ አይደለም። ያለ ምክንያት የሚነክስ ወይም የሚደነብር ውሻም፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዘር ሊውል አይገባም። ክትባት አስቀድሞ ይጠናቀቅ።

እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ይፈጃል። እስከ 5ኛው ሳምንት የተለመደው ምግቧ ይበቃታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማሕፀኗ ጨጓራዋን ስለሚያጣብበው፣ ለቡችሎች የተዘጋጀ ምግብ በትንሽ በትንሹ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰጣታል። ብዙዎች ለእርጉዝ ውሻ ካልሲየም መስጠትን እንደ ደግነት ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም የማውጣት ችሎታውን ስለሚያዳክመው፣ ከወለደች በኋላ እያንቀጠቀጠ ሊገድላት ለሚችል ሕመም ያጋልጣታልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጣት።

በመውለጃ ሣጥኗ ውስጥ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ አግዳሚ እንጨት ይመታ፤ ከባዷ እናት ጋደም ስትል ከጀርባዋ የቀረ ቡችላ ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ከመጨፍለቅ ይተርፋል። በመጨረሻው ሳምንት ሙቀቷን ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከወረደ ምጡ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። በኃይል እያማጠች 30 ደቂቃ አልፎ ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ይጥሩ።