የኮሪያን ግስ በአሁን ጊዜ እንዴት እናረባለን?

አብዛኞቹ የኮሪያኛ መማሪያ መጻሕፍት እንግሊዝኛ ተናጋሪን አስበው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ለእኛ ቀላል የሆነውን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃሉ፤ እኛን የሚያደናቅፈውን ግን ሳይነኩት ያልፋሉ። በተለይ ኮሪያኛን በላቲን ፊደል ከሚያስተምር መጽሐፍ ራቁ። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጁት የኮሪያ ፊደል፣ ሃንጉል፣ ዛሬ 24 መሠረታዊ ፊደላት ብቻ ስላሉት ትጉህ ሰው በአጭር ጊዜ ያነበዋል። እዚህ በራሳችን ፊደል የምጽፈው ድምፁን ለማሳየት ብቻ ነው።

1. «ዳ»ን ቁረጡ። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግስ ሁሉ በ«ዳ» ያልቃል፦ ጋዳ (መሄድ)፣ መክዳ (መብላት)፣ ኦዳ (መምጣት)። «ዳ» ሲወድቅ የሚቀረው ግንዱ ነው።

2. የግንዱን የመጨረሻ አናባቢ ተመልከቱ። ራብዕ ወይም ሳብዕ ከሆነ «አዮ»፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ «ኧዮ» ይጨመራል። ሳልዳ (መኖር) ራብዕ ስለሆነ ሳራዮ፣ መክዳ ግዕዝ ስለሆነ መገዮ ይሆናል። «ል» ወደ «ር»፣ «ክ» ወደ «ገ» የዞሩት በሁለት አናባቢዎች መካከል ድምፃቸው ስለሚላላ ነው፤ በሃንጉል ሲጻፉ ፊደሉ አይለወጥም። በ«ሃዳ» የሚያልቁት በሙሉ «ሄዮ» ይሆናሉ፦ ጎንግቡሃዳ (ማጥናት) ጎንግቡሄዮ ይባላል። ይህንን መሸምደድ ብቻ ነው።

3. አናባቢዎቹን አዋሕዱ። ተማሪ ሁሉ የሚንገዳገደው እዚህ ላይ ነው፤ ግንዱ በአናባቢ ካለቀ ከ«አዮ» ወይም ከ«ኧዮ» ጋር ይጋጫልና። በላቲን የተማረ ሰው ለዚህ አንድ ሙሉ ሠንጠረዥ ያጠናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ሁለቱን ድምፆች ፈጠን አድርጎ ቢያነብ መልሱ ከአፉ ይወጣለታል። ቦዳ (ማየት) «ቦ» እና «አዮ» ነው፤ ሲፈጥን ቧዮ። ኦዳ በዚሁ መንገድ ዋዮ፣ ቤኡዳ (መማር) ቤወዮ፣ ማሺዳ (መጠጣት) ማሸዮ ይሆናል። ሁለቱ አናባቢዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱ ይበቃል፤ ጋዳ ጋዮ እንጂ ጋአዮ አይባልም።

ግንዱ በሳድስ ሲያልቅ ሳድሱ ራሱ ይጠፋል፦ ክዳ (ትልቅ መሆን) ከዮ ይሆናል። ቅጽልም እንደ ግስ እንደሚረባ ከዚህ ታያላችሁ። ከሳድሱ በፊት ሌላ ፊደል ካለ ወሳኙ እሱ ነው። ባጵዳ (በሥራ መወጠር) ከፊቱ ራብዕ ስላለ ባጳዮ፣ ዬጵዳ (ቆንጆ መሆን) ግን ዬጰዮ ይባላል።

4. አፈንጋጮቹን ከነርባታቸው ያዙ። ቹፕዳ (መብረድ) ቹወዮ ሲሆን ኢፕዳ (መልበስ) ኢበዮ ነው። ድትዳ (መስማት) ድረዮ፣ ዳትዳ (መዝጋት) ግን ዳዳዮ ነው። የትኛው ደንብ እንደሚያፈርስ ከመልኩ አይታወቅም። የአፈንጋጭ ግሶችን ዝርዝር ማጥናት ትርፍ ድካም ነው ባይ ነኝ። አዲስ ግስ ስትጽፉ የ«ዮ» ቅርጹን አብራችሁ ጻፉ፤ በኢንተርኔት የሚገኘው የናቨር መዝገበ ቃላት ርባታውን ከቃሉ ጋር ያሳያችኋል። ርባታ የሚሠሩ ድረ ገጾች ለማረሚያ እንጂ ለመማሪያ አይሆኑም።

5. ባለቤትን አትፈልጉ፤ ሰሚውን አስቡ። ጋዮ ብቻውን እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ እንሄዳለን ማለት ነው። ልክ እንደ «እሄዳለሁ» ለነገም ያገለግላል። አማርኛ ተናጋሪን የሚያሳስተው አክብሮቱ ነው። የእኛ አንቱታ የሚከተለው የሚወራለትን ሰው ነው፤ «ዮ» ግን የሚያከብረው የሚያዳምጠውን ነው። ስለ ታናሽ ወንድማችሁ ለአስተማሪ ስትናገሩ ጋዮ ትላላችሁ፤ ወንድማችሁን አንቱ ማለታችሁ አይደለም። ስለ አያታችሁ ለቅርብ ጓደኛችሁ ስታወሩ ደግሞ ጋሸ ትላላችሁ፤ «ዮ» ቀርቶ አያትየውን የሚያከብረው «ሲ» ከግንዱ ጋር ተዋሕዶ ይቆያል። ሁለቱም መከበር ካለባቸው ጋሴዮ ነው። ይህንን ግን ስለ ራሳችሁ እንዳትሉት፤ «እኔ ይሄዳሉ» እንደማለት ነው።

በዜና፣ በስብሰባና በሥራ ቃለ መጠይቅ የምትሰሙት «ምኒዳ» ከ«ዮ» ይቀላል። ግንዱ በአናባቢ ካለቀ ጋምኒዳ፣ በተነባቢ ካለቀ መክስምኒዳ ነው፤ ራብዕ ይሁን ሳብዕ መመርመር አያሻም። አንዳንድ መጻሕፍት በዚህ የሚጀምሩት ስለሚቀል ነው፤ እኔ ግን በሱቅና በአውቶቡስ የምትሰሙት «ዮ» ይቅደም እላለሁ። በ«ል» የሚያልቁትን ብቻ ልብ በሉ፤ «ል» ተውጦ ሳልዳ ሳምኒዳ ይሆናል።