ኩሬው አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ መርዝ ከማንሳታችሁ በፊት

ከመራዊ እስከ ዳንግላ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ የሚያረባው ገበሬ እየበዛ ነው። ደስ ይላል። የእኔ ሥራ እነዚህን ኩሬዎች እየዞሩ ማየት ነው። በሄድኩበት ሁሉ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ "ይህን አረንጓዴ ነገር በምን ላጥፋው?" እስካሁን ያየሁት ዓሣ በብዛት ያለቀው በአረንጓዴው ነገር አይደለም። እሱን ለማጥፋት በተደረገው ነው። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሁሉንም አረንጓዴ እንደ ጠላት ማየት

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ያ በዓይን የማይለይ ደቃቅ አልጌ ነው፤ ቆሮሶ ይበላዋል። ፍግ የምንጨምረውም እሱ እንዲበቅል ነው። "ቆሸሸ" ብሎ ውሃውን ደፍቶ ንጹሕ ውሃ የሚሞላ ሰው የዓሣውን ምግብ ነው የደፋው።

ክር የሚመስለው ሌላ ነው። ሲይዙት ያሟልጫል፣ ከታች በቅሎ በጅምላ ይንሳፈፋል፣ መረብ ያጠላልፋል፣ የዓሣ ጫጩት ይይዛል። ይህ ይውጣ። ቅጠል ያለው ተንሳፋፊ አረምም ይውጣ። ውሃው ላይ ቀለም የተደፋ የሚያስመስል፣ የሚገማ ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን ካያችሁ ደግሞ ከብት አታጠጡበት። መርዝ ሊኖረው ይችላል።

አረንጓዴው መብዛት አለመብዛቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ አካባቢ ሲደርስ መዳፋችሁ ከጠፋ ልክ ነው። የእጅ አንጓችሁ ላይ ሳይደርስ ከጠፋ በዝቷል፤ ፍግና መኖ አቁሙ። ክርናችሁን አልፎም ጣታችሁ በግልጽ ከታየ ውሃው ምግብ የለውም ማለት ነው።

መርዝ መርጨት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ለጤፍና ለስንዴ አረም የተገዛ ቱፎርዲ ቤት ውስጥ አለ። ኩሬው ላይ ተንሳፋፊ አረም ታየ። ሰውየው መርጫውን አዝሎ ይወጣል። አንድ አባት እንዲህ አድርገው ጠሩኝ። አረሙ በሳምንቱ ጠውልጎ ሰጠመ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ተገኘ።

"ምን ጨመሩበት፣ አያ?" ስላቸው፣ "ዓሣውን አልነካሁትም፣ አረሙን ብቻ ነው የረጨሁት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን የሞተ አረም ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ማታ ደግሞ አልጌውም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ ውሃው በጣም የሚደክመው ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው። ዓሣው አፉን ከውሃ አውጥቶ ሲከፍትና ሲዘጋ ካያችሁ የታፈነ ነው። ወዲያው ንጹሕ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ እያስፈነጠራችሁ ልቀቁበት፤ የዚያን ቀን መኖ አትስጡ።

አልጌ ለማጥፋት የሚጨመረው ኮፐር ሰልፌትም ያው ነው። የኖራ ይዘቱ አነስተኛ በሆነ ውሃ ውስጥ ዓሣን በቀላሉ ይገድላል፤ የጎጃም ቀይ አፈር ላይ የተቆፈረ ኩሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ራውንዳፕ የሚባለው አረም ማጥፊያም አይሆንም። "የቀረችውን ትንሽ ልርጭ" የሚባል ነገርም የለም።

"የተፈጥሮ ነው" ብሎ መድፈር

እንዶድ ወቅጦ፣ ብርብራ ፈጭቶ ኩሬ ውስጥ የሚጨምር አለ። እባካችሁ! ብርብራ እኮ ጣና ዳር ዓሣ ማደንዘዣ ነው። ስለ እንዶድም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉትን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች የወንዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ ግን ዓሣንም ይገድላል።

ጠርዙን ጥልቀት አለማስያዝ

ክር አልጌ የሚጀምረው ፀሐይ እስከ ጭቃው በምትደርስበት ቦታ ነው። ጠርዙ እንደ ሳህን ቀስ እያለ የሚወርድ ኩሬ በየዓመቱ ይበቅልበታል፤ እናንተ ስትነቅሉ ትኖራላችሁ። ዳሩ ቁልቁል ይውረድ፤ ውሃው ከ75 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ጥልቀቱ እያለ ውሃው ጠርቶ ከቀረ ግን ፍጉ አልሠራም ማለት ነው። አልጌው የሚያድግበትን የፍጉን ፎስፈረስ አሲዳማ አፈር ይዞ ያስቀረዋል። ግብርና ጽሕፈት ቤት ለማሳችሁ የምትጠይቁት የእርሻ ኖራ ለኩሬውም ያስፈልጋል። የግድግዳ መቀቢያው ኖራ ግን አይደለም፤ እሱ ዓሣውን ያቃጥለዋል።

በአንድ ቀን አራግፎ መጨረስ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጎተት ጭቃውን ያደፈርሳል፤ የታፈነውን መጥፎ ነገር ሁሉ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሩቡን ዛሬ፣ ሩቡን ከቀናት በኋላ። በሬክ ወይም በመንሽ ጎትቱ። ያወጣችሁትን ዳር ላይ አትተዉት፤ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ውሰዱት። ቦቲ ጫማ ሳታደርጉ ግን አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

አልጌውን ራስ እየመገቡ ማማረር

ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ የጠላ አተላ፤ የተገኘው ሁሉ ይደፋል። ዓሣው በ20 ደቂቃ ያልጨረሰው ታች ሄዶ ይበሰብሳል፣ ለአልጌውም ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩስ እበት በባልዲ ከመድፋት በማዳበሪያ ጆንያ አድርጎ ጥግ ላይ መንከር ይሻላል፤ ሲበዛ ጆንያውን ማውጣት ይቻላልና። ከበቆሎ ማሳው ዩሪያ አጥቦ የሚመጣው የክረምት ጎርፍስ? ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ይህን ሳታደርጉ ስለ አልጌ አታውሩኝ።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ደመናው ሳይገለጥ በሚከርምባቸው ቀናት፣ መኖውን ቀንሱ። ፀሐይ በሌለበት አልጌውም ቀን ላይ በቂ ኦክስጅን አይሠራም።

እምቦጭ ማምጣት

አበባው ያምራል ብሎ፣ ወይም ጥላ ይሆናል ብሎ ከባሕር ዳር ዳርቻ በፌስታል ይዞ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሺህ የሚቆጠር ሰው በእጁ እየነቀለው ያላለቀ ነገር ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከኩሬያችሁ የሚወጣው ውሃም ወንዝ ውስጥ ይገባል። አታምጡ።

ሳያደርቁ ደጋግሞ መሙላት

ዓሣው በሁዳዴ ገበያ ከተሸጠ በኋላ ኩሬውን አፍስሱት። ጭቃው እስኪሰነጣጠቅ ፀሐይ ይምታው። የታችኛውን ደለል ጠርጋችሁ ለጓሮ አትክልት አውጡት፤ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ደረቁ ወለል ላይ የእርሻ ኖራ በትኑ፤ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ፣ አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ ውሃ ሙሉ፣ ፍጉን በጆንያ ንከሩ። ውሃው አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ጫጩት አታስገቡ።