እግሩን ቁልቁለት ላይ ሞክሩት

ሁለቱንም እግርና አንድ እጅ አጥታችሁ፣ ቤት መቀመጥ ግን የማይሆንላችሁ ከሆነ ከደሴ አንዲት ነገር ልበላችሁ። ሰው ሰራሽ እግር ሲሰራላችሁ መልኩን ተዉት፤ ሱሪ ይሸፍነዋል። ዋናው ሶኬቱ ነው፣ ጉቶው (ከእግራችሁ የተረፈው) የሚገባበት ማለቴ ነው። መለማመጃ ክፍል ውስጥ በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መሃል ደህና ሄዳችሁ ማለት ደሴን ትችሏታላችሁ ማለት አይደለም። "ቁልቁለት ልሞክረው" በሉ። ስትወርዱ እግሩ ወደፊት ከገፋችሁ እዚያው ተናገሩ፤ ብሎኑን ያስተካክሉታል። የምታዘወትሩትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። የተረከዙ ቁመት ከተቀየረ ሚዛኑም ይቀየራል።

ጉቶ እየዋለ ይቀንሳል፣ ሶኬቱም ይላላል። ስለዚህ ጉቶው ላይ የምትደርቡት ተጨማሪ ካልሲ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ኮምቦልቻ ስትወርዱማ ላቡ ሌላ ነው፤ አውልቃችሁ አድርቁ።

እኔ የተሸወድኩት በማሰሪያው ነው። የመጀመሪያው እግሬ ቀበቶ ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጥርሴ ስጎትተው እህቴ በሳቅ ትፈርሳለች። አሁን በአንድ እጅ ስቤ የምለጥፈው ማሰሪያ አስደርጌያለሁ። ለእጄ ደግሞ ሁለት አለኝ፤ ለሰርግ ጣት ያለው፣ ለባልዲና ለመዶሻ መንጠቆው።