መሶብ፣ ጋቢና የዋንዛ ዕቃ ለዓመታት እንዲቆይ ምን ይደረግ?

መሶብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው አርጅቶ አይደለም። ትኩስ እንጀራ ተደርድሮበት፣ ክዳኑ ተደፍቶበት ስለሚያድር ነው። ጋቢም ከመልበስ ይልቅ በአስተጣጠብ ይሳሳል፤ በርጩማም ከመቀመጥ ይልቅ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ይሰነጠቃል።

ሣር፣ ጥጥ፣ ቆዳ፣ ሱፍና እንጨት ሁሉም እርጥበት ይስባሉ፣ መልሰውም ይተፋሉ። ሲስቡ ያብጣሉ፣ ሲተፉ ይኮማተራሉ። ይህ ቀስ ብሎ ከሆነ ምንም አይጎዳቸውም። ችግር የሚመጣው የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ነው፤ ያኔ ይሻግታል። ወይም ደግሞ በአንድ ጊዜ ተሟጦ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ይሰነጠቃል፣ ስፌቱም ይላላል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ብልና ነቀዝን የሚመለከተው ሲቀር፣ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው።

መሶብ

መሶብን ለመንከባከብ አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋ ነው፤ ውስጡ የሣር ጥቅል አለ፣ በላዩ ሰበዝ ይጠመጠምበታል፣ ወስፌ ቀዳዳ እየከፈተ እያንዳንዱ ዙር ከበታቹ ካለው ዙር ጋር ይያያዛል። ቀለሙን የሚሰጠው በቀለም የተነከረው አለላ ነው። መሶብ ውሃ ውስጥ ሲነከር የውስጡ ጥቅል አብጦ ሰበዙን ይወጥረዋል። ሲደርቅ ጥቅሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የተወጠረው ሰበዝ ግን እንደላላ ይቀራል። ሁለት ሦስቴ ከታጠበ በኋላ በጣት ሲጫኑት የሚንቀጠቀጥ መሶብ የዚህ ውጤት ነው። አለላውም ቀለሙን ይለቃል፤ ቀዩ ወደ ነጩ ከገባ ደግሞ የሚመልሰው ነገር የለም።

ስለዚህ የዕለት አያያዙ እንዲህ ይሁን፦

1. ከምጣድ የወጣ እንጀራ በቀጥታ መሶብ አይገባም። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ፣ እጅ ሲነካው ሙቀት እስከማይሰማ ይቀዝቅዝ። ትኩሱ ከገባ እንፋሎቱ ክዳኑን መትቶ ውሃ ሆኖ ይመለሳል፤ እንጀራውም ቶሎ ይሻግታል፣ መሶቡም ይርሳል።

2. ከእንጀራው ሥር ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ። ታጥቦ የሚመለሰው ጨርቁ እንጂ መሶቡ አይሆንም።

3. ወጥ ከተንጠባጠበ በማንኪያ ጫፍ አንሱት፤ በጨርቅ ከታሸ ወደ ስፌቱ ይገባል። የቀረው ቅባት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽንብራ ዱቄት ወይም ሌላ ደረቅ ዱቄት ነስንሳችሁ ለሁለት ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ዱቄቱ ዘይቱን ስቦ ይወጣል።

4. ጨርቅ በለብታ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ካራሳችሁ በኋላ ውሃ እስከማይንጠባጠብ ጨምቃችሁ የስፌቱን ዙር ተከትላችሁ ጥረጉ። በዙሩ ላይ በተቃራኒ መጥረግ የሰበዝ ጫፍ ያነሳል።

5. ክዳኑን ለብቻው አስቀምጡና አፉ ተከፍቶ ይደር። ከዚህ ዝርዝር አንድ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

የሻገተ መሶብ ቤት ውስጥ አይራገፍም፤ ብናኙ ወደ ሌላው ዕቃ ይዛመታል። ደጅ አውጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። ቀጥሎ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ፣ መጀመሪያ ከግርጌው በማይታይ ቦታ ቀለም መልቀቁን ሞክሩ፤ ካልለቀቀ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉት። ነፋስ ባለበት ጥላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ። የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል አይጎዳውም፤ የቀትር ፀሐይ ግን አለላውን ያገረጣዋል። ሻጋታው ወደ ስፌቱ ውስጥ ዘልቆ ጥቁር ነጥብ ከሆነ ያ መሶብ ለጌጥ እንጂ ለእንጀራ አይሁን።

አንድ ሰበዝ ሲመዘዝ ወዲያው መያዝ ያስፈልጋል፤ ዝም ከተባለ ዙሩ ሙሉ ይፈታል። አዲስ ሰበዝ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ አርሳችሁ፣ ወስፌውን ከላላው ቦታ ሁለት ሦስት ስፌት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ያንኑ ያህል አልፋችሁ ጨርሱ። የደረቀ ሰበዝ ሲታጠፍ ስብር ይላል። ማጣበቂያ አታስገቡ፤ በደረቀበት ቦታ ይጠነክርና ከጎኑ ያለውን ሣር ይቆርጠዋል።

ወደ ውጭ አገር ለሚጓዝ መሶብ አንድ ነገር እንጨምር። በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሄደ እዚያው እንደደረሰ ላስቲኩ ይውለቅ። ክረምቱ በማሞቂያ በሚያልፍባቸው አገሮች የቤት ውስጥ አየር በጣም ይደርቃልና ከማሞቂያው አጠገብም ሆነ በላዩ አታስቀምጡት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የማቀዝቀዣው ቀጥተኛ ነፋስ ያንኑ ያደርጋል። የአየር እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ40 እስከ 55 በመቶ ለሣርም ለእንጨትም ጥሩ ነው።

ጋቢና ነጠላ

የጋቢ ማግ በእጅ ሲፈተል ጥምዙ እንደ ፋብሪካ ክር እኩል አይሆንም። ለስላሳነቱም የሚመጣው ከዚሁ ላላ ካለው ጥምዝ ነው፤ ድክመቱም ከዚያው። በኃይል የታሸ ቦታ መጀመሪያ ይጎፍራል፣ ቀጥሎ ይሳሳል። በብዙ ጋቢዎች ላይ መጀመሪያ የሚቀደደው መሀሉ ሳይሆን ትከሻና ጠርዝ የሚሆነው ቆሻሻው እዚያ በዝቶ እዚያው ስለሚፈተግ ነው።

መጀመሪያ ጥለቱን ፈትሹ። ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ በቀለሙ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ተጫኑት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያ ልብስ አይዘፈዘፍም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ይወጣል።

ቀለም የማይለቅ ከሆነ ለ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ማለትም 30 ዲግሪ ገደማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና አሟሙታችሁ ጋቢውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ። የዱቄት ሳሙና ከሆነ ጋቢው ከመግባቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፤ ያልሟሟው ቅንጣት በአራቱ ድርብ መሀል ይቀራል። ከዚያ መዳፍ ለመዳፍ ማሸት አያስፈልግም። በመዳፍ እየተጫናችሁ፣ እየለቀቃችሁ ውሃውን በድርቡ ውስጥ አሳልፉት። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ የቡና ስኒ አቼቶ ጨምሩ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል፤ የቀረውን ሳሙና ግን ያስለቅቃል። ጋቢ ታጥቦ እንደ ቆርቆሮ ከደረቀና ግራጫ ከመሰለ ችግሩ ያልወጣ ሳሙና ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ሳሙና ሳይሆን ሌላ ውሃ ነው።

በረኪና አይነካው። ለጊዜው ያነጣዋል፣ የጥጡን ክር ግን ይበላዋል፤ በደንብ ካልለቀቀ ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል። ጥለቱ ላይ ሐር ካለ ጉዳቱ የባሰ ነው፣ በረኪና ሐርና ሱፍን ያሟሟቸዋል።

እንዶድ አሁንም ለጋቢ ጥሩ ሳሙና ነው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ በጨርቅ ተጣርቶ ይታጠቡበታል። ሲወቀጥ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ቢዋጥም መርዝ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚያገለግል የደረሱበት። ዓሣም ይገድላል፤ የታጠበበት ውሃ ወንዝና ኩሬ ውስጥ አይደፋ።

የበርበሬ እድፍ ሰውን ያስጨንቃል፤ ግን ከሚመስለው ይቀላል። ቀዩ ቀለም የሚሟሟው በውሃ ሳይሆን በቅባት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዕቃ ሳሙና ሳይበረዝ እድፉ ላይ ተቀብቶ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ። ብርቱካንማ ጥላ ከቀረ እርጥብ እንደሆነ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ብርሃን ያንን ቀለም ያጠፋዋል። ነጭ ለሆነው ክፍል ብቻ ነው፣ ጥለቱን በጨርቅ ሸፍኑት። ለወተትና ለደም ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፣ እድፉን አብስሎ ያጣብቀዋል።

ማድረቁ ላይ ብዙ ጋቢ ይበላሻል። እርጥብ ጋቢ ከባድ ነው፤ በአንድ ገመድ ላይ ሲሰቀል ክብደቱ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ያርፍና ጨርቁ ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይጣመማል። አይጠምዘዝ፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ከዚያ ጎን ለጎን በተወጠሩ ሁለት ወይም ሦስት ገመዶች ላይ ዘርጉት። ማሽን ብቻ ላላችሁ፦ በመረብ ከረጢት፣ በ30 ዲግሪ፣ ጭመቃው ከ600 ዙር ያልበለጠ፤ ማድረቂያ ማሽን ግን አይሆንም።

ሳጥን የሚገባው ከደረቀ ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ላዩ ደርቆ ድርቡ መሀል እርጥበት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በላስቲክ ሳይሆን በአሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየሦስትና አራት ወሩ የመታጠፊያው መስመር ይቀየር፣ አለበለዚያ ክሩ በዚያው መስመር ይሰበራል።

ብል፣ ባናና አጎዛ

ብዙ ሰው ለጋቢ ናፍታሊን ያደርጋል። የብል እጭ የሚበላው ሱፍ፣ ጸጉርና ላባ ነው፤ ንጹሕ ጥጥ አይበላም። ናፍታሊን ደግሞ ትነቱ አንዳንድ ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፤ ሕፃን የሚታቀፍበት ጨርቅ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል። ጥንቃቄ የሚያሻቸው የሱፍ ባናና ምንጣፎች ናቸው። በወር አንዴ ከሳጥን አውጥታችሁ በደንብ አራግፉ፤ እጩ ጨለማና ዝምታ ይወዳል፣ የሚበላውም ከአልጋ ሥርና ከዕቃ ሥር ያለውን ጫፍ ነው። ትንሽ የሱፍ ዕቃ ከሆነ በላስቲክ አስራችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት አቆዩት፤ እንቁላሉም እጩም ይሞታል። ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ላስቲኩ ከመፈታቱ በፊት የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

አጎዛ ውሃ አይወድም፤ ቆዳው ርሶ ሲደርቅ ይደድራል። ፉርሽካ በምጣድ ላይ እጅ የሚችለውን ያህል አሙቁ፣ ጸጉሩ ውስጥ በጣት አሹት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አራግፉት። ቅባቱንም አቧራውንም ይዞ ይወጣል።

የጠፍር አልጋ ሲረግብ ጠፍሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስኪለሰልስ ጠብቁ፣ ሳብ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ያልተለፋ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱ ይወጠራል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከተተኛበት ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

ቀርከሃ

ቀርከሃ ውስጥ ስኳርና ስታርች አለ፤ ነቀዝ የሚመጣው ለዚያ ነው። ከወንበሩ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ነገር ካያችሁ ነቀዙ ሥራ ላይ ነው። 60 ግራም ቦራክስና 40 ግራም ቦሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ በተቆረጡት ጫፎችና በቀዳዳዎቹ ላይ በብሩሽ ሁለት ሦስቴ ቀቡ። ልጆች አይንኩት። በቫርኒሽ ላይ መቀባት ጥቅም የለውም፣ አይገባም። እግሩ በክረምት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከቆመ ከሥር መበስበስ ይጀምራል፤ ጎማ ወይም የጠርሙስ ክዳን ይደረግለት።

ዋንዛ

ቫርኒሽ የተቀባ ዕቃ የሚፈልገው ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። የቡና ስኒ ነጭ ክብ ካስቀረ እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ እንጂ እንጨቱ ውስጥ አይደለም፤ ቫዝሊን ቀብታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ጥረጉት። ክቡ ጥቁር ከሆነ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፣ ቫርኒሹ ሳይፋቅ አይወጣም።

ቫርኒሽ የሌለው በርጩማ ወይም ረከቦት ዘይት ይወዳል። የምግብ ፓልም ዘይት አትቀቡ፣ አይደርቅም፤ አቧራ ይዞ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። በቁጥር 240 የብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ በቀላሉ ፈግፍጉት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ዘይቱን በጨርቅ አሳስታችሁ ቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልገባውን በሙሉ ጥረጉ። ከቀረ ላዩ እንደ ሙጫ ይሆናል። ያልተቀቀለ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ይፈጃል፤ ሁለተኛው ቅብ ከዚያ በፊት አይታሰብ። ማብረቅ ከተፈለገ አንድ እጅ ንጹሕ ሰም በአራት እጅ የተልባ ዘይት፣ ዕቃው በፈላ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ።

የቀባችሁበትን ጨርቅ አጨማዳችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የታመቀ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ደጅ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ተዉት፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክደኑት።