በጎንደር አዳሪ ሆኖ የእሽቅድምድም ግልቢያ ለሚማር ሠልጣኝ የዕለት ውሎ መመሪያ

አዳሪ ሆኖ የፈረስ እሽቅድምድም ለመማር የሚነሣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በሐሳቡ የሚመላለሰው ሽምጥ ግልቢያው ነው። ይሁን እንጂ ኮርቻ ላይ የሚቆየው በቀን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው ውሎ በጋጣ፣ በግርግምና በውኃ ባልዲ መካከል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዟ ኒውማርኬት የተከፈተው አዳሪ የእሽቅድምድም ትምህርት ቤት እንኳ ጋጣ መጥረግን ከግልቢያ እኩል ያስተምራል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ግልቢያው ጥቂት፣ መሬት ላይ ስለሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ይላል።

ቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ የንጋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ወፍራም ካልሲና ሹራብን ማታ በራስጌ አዘጋጅቶ መተኛት በጨለማ ከመደናበር ያድናል። ጋጣ ሲደረስ በሩ ላይ ሆኖ ፈረሱን በስሙ ማነጋገር፣ ከዚያም ከኋላው ሳይሆን በግራ ትከሻው በኩል መቅረብ ይገባል።

ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሠልጣኙ ቆም ብሎ ሦስት ነገር ይመልከት፦ የማታው ድርቆሽ ተርፎ እንደሆነ፣ ውኃው ምን ያህል እንደጎደለ፣ ሌሊቱን የወደቀው ፋንድያ ምን ያህልና ምን ዓይነት እንደሆነ። ጤነኛ ፈረስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ፋንድያ ይጥላል፤ ጋጣው ንጹሕ ሆኖ ካደረ ደስ ሊለን ሳይሆን ልንሠጋ ይገባል። ፈረስ የበላውን ማስመለስ የማይችል እንስሳ ነው፤ ስለዚህ ሰው በትውኪያ የሚገላገለው የሆድ ሕመም እርሱን ሊገድለው ይችላል። ደጋግሞ ወደ ጎኑ የሚመለከት፣ በፊት እግሩ መሬት የሚጭር፣ እየወደቀ የሚንከባለል ወይም ያለምክንያት የሚያልበው ፈረስ ከታየ ምግቡን ከፊቱ አንሥቶ ወዲያው ለባልደራሱ፣ ማለትም ለፈረሶቹ ኃላፊ፣ መንገር፣ የእንስሳት ሐኪምም ማስጠራት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው በመሆኑ የከተማችን ሠልጣኝ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልብ ትርታውን ስለሆነ፣ በመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣት ይዞ መቁጠርን በመጀመሪያው ሳምንት መልመድ ይበጃል። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል።

አመጋገቡን በተመለከተ የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ደጋግሞ ይቀርብለታል፤ ድርቆሹ ይቀድማል፣ ገብሱና ፉርሽካው ይከተላል። በተለይ ክረምት እንደወጣ የሚገዛን ድርቆሽ እጅ አስገብቶ ከመካከሉ መዝግኖ ማሽተት ያስፈልጋል፤ ከላይ ደርቆ ከውስጥ የሻገተ ብዙ ነውና። ገብስ ከበላ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይቆይ ለግልቢያ አይወጣም። ያ ጊዜም አይባክንም፤ ጋጣው ይጠረጋል፣ ፈረሱ ይቦረሻል፣ አራቱም ሰኮናዎች ይጸዳሉ። ክረምት በጭቃ ሲከርም ሰኮና ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ይህንንም ከዓይን በፊት አፍንጫ ያውቀዋል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ግልቢያ ይጀመራል። የሆድ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ጠበቅ ይደረጋል፤ አንዴ ከመውጣት በፊት፣ አንዴ ደግሞ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ፣ ምክንያቱም ብዙ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል። እርካብ ላይ የሚያርፈው የእግር ፊተኛው ክፍል ብቻ ሲሆን ዛብን በእጅ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የወደቀ ሰው ዛቡን ለቅቆ መውደቅ አለበት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው 10 ደቂቃ እርምጃ ነው፣ መካከሉ ሶምሶማ ነው፤ ሙሉ ግልቢያ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ይበቃል። የተቀመጠው ሰውና ኮርቻው በአንድነት ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጡ ይመረጣል፤ 240 ኪሎ የሚመዝን የአገራችን ፈረስ እንግዲህ ከ48 ኪሎ በላይ ባይሸከም መልካም ነው። ጥር 11 ቀን በጥምቀት በዓል በየመንገዱ የምናየው ባለ ግላስ ፈረስ ከዚህ የበለጠ መሸከሙ እውነት ነው፣ ነገር ግን እርሱ በየቀኑ አይሮጥም።

ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሠልጣኝ በጾም እንዳያመካኝ አደራ እላለሁ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ወይም በረመዳን የሚጾም ወጣት አስቀድሞ ለባልደራሱ ቢያሳውቅ፣ ፈጣኑ ግልቢያ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እርሱ ፈረስ በማርመድና ዕቃ በማጽዳት ሊውል ይችላል፤ ጾመኛው የንስሐ አባቱን ማማከሩም ነውር የለበትም። ለማይጾም ሰው ከግልቢያ በፊት አንድ ኩባያ በሶ ከማንኛውም ቁርስ ይሻላል፤ ፈረሱም ፈረሰኛውም በገብስ ማደራቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ እስከ 9 ሰዓት ፈረሱም ሰውም ያርፋል፤ ከዚያ ዕቃ ማጽዳት ይከተላል። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ልጓም፣ የራሱ ብሩሽና የራሱ የኮርቻ ሥር ጨርቅ ሊኖረው ይገባል። በእግርና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ እያበጠ የሚፈነዳው በሽታ በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፤ ስለዚህ አዘዞ መንገድ ላይ ከቆመ የጋሪ ፈረስ አጠገብ ፈረስን ማሰር ስንፍና ብቻ ሳይሆን በሽታ መጋበዝም ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ፈረስ ጋጣ መግባት አለበት፤ ብዙ ፈረስ የሚፈጀውን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ነፍሳት ከምሽት እስከ ንጋት ይናደፋሉና።

ስለ አንድ ጥፋቴም ልናገር። በሠልጣኝነቴ ዘመን አንዲት መጋላ ፈረስ ጀርባዋ ላይ፣ ኮርቻው በሚያርፍበት፣ የጣት ጫፍ የምታህል እብጠት አገኘሁ። በማግስቱ የፈጣን ግልቢያ ቀን ስለነበር ለማንም ሳልናገር ጫንኳት። ገጣባው ፈንድቶ ለሦስት ሳምንት ኮርቻ ሳይነካት ቆየች፤ እኔም ያን ያህል ጊዜ አካፋ ይዤ ከረምኩ። አያ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ባልደራስ የተቆጡኝ በመቁሰሏ አልነበረም፤ «ማታ ነግረኸኝ ቢሆን» ብቻ ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ባወረድኩ ቁጥር ጀርባውን በመዳፌ ሳልዳስስ አልሄድም።

የመጨረሻው ሥራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ባትሪ ይዞ እያንዳንዱን ጋጣ መዞር፣ ውኃ መሙላት፣ ሆድና እግር ማየት። ከዚህ በኋላ ስልክ ይዞ የሚያመሽ ሠልጣኝ በማግስቱ ኮርቻ ላይ ያንቀላፋል።

እሑድ ከሰዓት ዕረፍት ነው። ከተማ የሚወጣ ሰው በፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለውን፣ የዞብል መቃብር እየተባለ የሚጠራውን ክብ ሕንፃ ቢያይ ይወደዋል፤ ለፈረስ መታሰቢያ የሚቆምበት አገር ልጅ መሆናችንን እዚያ እናስታውሳለን። ከመውጣቱ በፊት ግን ለተረኛው ጓደኛው የፈረሱን ስም፣ ጠዋት የበላውን መጠን፣ የጠጣውን ባልዲ ብዛትና ዛሬ ያየበትን እንግዳ ነገር በወረቀት ጽፎ በጋጣው በር ላይ ይሰቅላል።